ስለ እንጨት መፍለጫው ማሽን

ይድረስ ለማከብርዎ ወንድም ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እማማስ፣ ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በፎቶው ላይ ስላዩት ማሽን ጠይቀውኛልና የማውቀውን ልጻፍልዎ።

እዚህ ስዊድን ገጠር ብዙ ቤት በማገዶ ቦይለር ይሞቃል። እንጨቱ ውኃውን ያሞቃል፣ ውኃው በቧንቧ ቤቱን ይዞራል። አብዛኛው ቦይለር 50 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ፍልጥ ስለሚጎርስ፣ 52 ሳንቲ ሜትር ጉማጅ የሚቀበለው አግዳሚ ማሽን በቂ ነው። ቆሞ የሜትር ግንድ የሚሰነጥቀው ውድ ነው፤ ብዙዎቹም ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር መብራት) ይፈልጋሉ።

ርካሽ ሲገዙ የተጻፈውን ቶን፣ ማለትም የመግፊያ ጉልበቱን፣ ብቻ አይመኑ። የዘይቱን ግፊትና እንጨቱን ወደ ሽብልቁ የሚገፋውን የፒስተኑን ስፋት ጠይቀው ራስዎ ያስሉት። 200 ባር ማለት በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 200 ኪሎ ያህል ነው። የፒስተኑ ዲያሜትር 56 ሚሊ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 25 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ አቅሙ 5 ቶን ነው። በዚሁ ግፊት 7 ቶን እንዲያወጣ ፒስተኑ 67 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ቀጥ ላለ ጥድ፣ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ድረስ፣ 5 ቶኑ ይበቃል። ጉጥ ለበዛበት ግን 7ቱን ይውሰዱ።

ዋናው ጣጣ መብራቱ ነው። ሞተሩ 2200 ዋት ገደማ ነው፣ ሲነሳ ደግሞ ከዚያ በላይ ይስባል። ማራዘሚያው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ከ10 ሜትር ያልበለጠ ይሁን። በቀጭን ሽቦ ላይ ቮልቴጁ ይወርድና ሞተሩ እያጓራ ሳይነሳ ይቀራል፣ ቆይቶ ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ሊቃጠል ይችላል። እናንተ ዘንድ ማታ መብራቱ ሲደክም ባያስነሱት ይሻላል።

የአየር ማስወጫዋን ትንሽ ቡሎን ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ሦስት ዙር ያላሏት፤ ሲጨርሱ፣ በተለይ ማሽኑን ሲያጓጉዙ፣ ያጥብቋት። ሳትላላ ከተረሳች በዘይቱ ጋን የታፈነው አየር ፒስተኑ በተመላለሰ ቁጥር እየተጨመቀ ሲሉን (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደውን ጎማ) ይጎዳል፣ ዘይትም ማንጠባጠብ ይጀምራል። ያገለገለ ማሽን ካገኙ መጀመሪያ የፒስተኑን ዘንግ በጣትዎ ይዳስሱት። ጭረት ካለው ይተዉት፤ አዲስ ሲል ቢገባለትም ጭረቱ መልሶ ይቆርጠዋል።

ጉማጁ እምቢ ካለ ከ5 ሰከንድ በላይ አያስጨንቁት፤ ዘይቱ ይግላል። አዙረው ከጉጡ ርቀው ይሞክሩ፤ ወፍራሙን ደግሞ መሃሉን ትተው ከዳር ዳሩ እየላጡ ይፍለጡት። መቆጣጠሪያው ሁለት እጅ የሚፈልገው ጣት ከሽብልቁ እንዲርቅ ነው። ሥራ ለማፋጠን አንዱን የሚያስሩ አሉ፤ ልጆቹ ይህን እንዳያደርጉ አደራ።

ባህር ዛፉን እንደተቆረጠ፣ እርጥቡን ይፍለጡት። ክሩ የተጠላለፈ ስለሆነ ከደረቀ 7 ቶኑንም ያስቸግራል። ፍልጡ ከመሬት ከፍ ብሎ ይከመር፤ ከላይ ይሸፈን፣ ጎኑ ለነፋስ ክፍት ይሁን። እዚህ ለቦይለር እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ካልወረደ በደንብ አይነድም፤ እርጥቡ ጭስ ማውጫውን በዝፍት ይደፍነዋል።

እንደኔ ግን በሳምንት አንድ ጋሪ ብቻ የምትፈልጡ ከሆነ ጥሩ መጥረቢያና ሁለት የብረት ሽብልቅ ይበቃል፤ ገንዘቡን ለሌላ ያውሉት። ከዚያ በላይ ከሆነ የግንዶቹን ውፍረትና ቆጣሪው ሲንግል ፌዝ ይሁን ስሪ ፌዝ ይጻፉልኝ።

እማማን ሳሙልኝ።

አክባሪዎ ታናሽ ወንድምዎ