ጣቶቹን ንኪያቸው

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

የኔ ዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ብርዱ ሲጠና ጉልበቴ ዕድሜዬን ያስታውሰኛል እንጂ ሌላ ችግር የለም። አባትሽ ጤፉን አሳጭዶ ጨርሷል፤ ውቂያው ገና ነው። ቆሎና በሶ በመኪና ልኬልሻለሁ። ለዋርዱ ሰው ሁሉ አታድይው፤ አውቅሻለሁ።

ባለፈው እሑድ ሌሊት ስትደውይ ድምፅሽ ዝሎ ነበር። «እማ፣ ሕፃናቱ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳሉ፤ የቱ ሕመም የቱ ማልቀስ ብቻ እንደሆነ መለየት አቃተኝ» አልሺኝ። እኔም «ትለምጂዋለሽ» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያልኩሽ ነገር ልክ አልነበረም። እኔ ለምጄው ነው የሰው ልጅ ያጎደልኩት። ይህን በስልክ ልነግርሽ አልችልም፤ በጽሑፍ ይቀለኛል።

ነርስ ሆኜ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ አንቺ ገና አልተወለድሽም። አንድ የሰባት ዓመት እረኛ ከሾላ ዛፍ ላይ ወድቆ መጣ። ከክርኑ በላይ ተሰብሯል። ይህን ስብራት እዚያ ባሕር ዳር ሳይሰለችሽ አይቀርም። ልጅ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ይቀበላል፣ ከክርኑ በላይ ያለችው ስስ አጥንት ትሄዳለች። ሐኪሙ አስተካክሎ፣ ጀሶ ዙሪያውን አስሮለት ሄደ። እኔ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ ለዋርዱ ሁሉ ብቻዬን።

ልጁ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ማልቀስ ያዘ። ማስታገሻ ወጋሁት። ስድስት ሰዓት ላይ ደገምኩለት። «እጄን ፍቱልኝ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ያስታመሙት የነበሩት አያቱ ሁለት ጊዜ መጥተው «ሲስተር፣ ይህ ልጅ ኮርማ ወግቶት እንኳ እንዲህ አላለቀሰም» አሉኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «አባባ፣ አጥንት ተሰብሮ ታዲያ አያመውም? ወንድ ልጅ ነው፣ ይቻለው።» ሊነጋጋ ሲል ዝም አለ። ተኛልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ።

አልተኛም ነበር። እጁ መስማት አቁሞ ነው። ጠዋት ጣቶቹን አብጠው፣ ቀዝቅዘው፣ እንደ ሰም ነጥተው አገኘናቸው። ጀሶው ወዲያው ተቀደደ፤ ግን ረፍዷል።

ነገሩን በትምህርት ቤት አልተማርኩትም እንዳልል ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ ሁሉ መልሼዋለሁ። ጡንቻ በማይለጠጥ ሽፋን ውስጥ ነው ያለው፤ ሲደማና ሲያብጥ መሄጃ ያጣል፤ ከላይ ጀሶ ሲጨመርበት ደግሞ ጨርሶ ይታነቃል። ደም አይገባውም። ለስድስት ሰዓታት ያህል እንዲህ ከቆየ የሞተው ጡንቻ አይመለስም፤ ጠባሳ ሆኖ ያጥራል፣ ጣቶቹንም ይዞ ያጥፋቸዋል። ፎልክማን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1881 የጻፈው ነገር ነው። እናንተ አሁን ኮምፓርትመንት ሲንድረም ትሉታላችሁ። ስሙን ማወቄ ያንን ሌሊት ምንም አልጠቀመም፤ ምክንያቱም ከወንበሬ ተነስቼ ጣቱን አልነካሁም።

ከዓመታት በኋላ ልጁን ቅዳሜ ገበያ አየሁት። ጎረምሳ ሆኗል፤ ድንች ይሸጣል። ሚዛኑን የሚያነሳው በግራው ነው። ቀኙ እንደ ጭልፊት ጥፍር ታጥፎ ቀርቷል። አላወቀኝም። ሁለት ኪሎ ገዝቼ መልሴን ሳልቀበል ሄድኩ። መልሱ ምን ይጠቅመዋል?

እንግዲህ ለጥያቄሽ መልሴ ይኸው ነው። የቱ ሕመም እንደሆነ ከወንበርሽ ላይ ሆነሽ አትለዪውም። ሄደሽ ንኪ። አዲስ ጀሶ ያሰረ ልጅ ካለ የመጀመሪያውን ቀንና ሌሊት በየሰዓቱ ሂጂለት። ጥፍሩን ጫን አድርገሽ ልቀቂው፤ ደሙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ጠርጥሪ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ቀስ አድርገሽ ዘርጊ። ይህ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሲዘረጉ የሚያስጮኸው ከሆነ፣ ማስታገሻውም አልይዝ ካለ፣ ልጁ እውነቱን ነው። የደም ትርታው አለ ብለሽ አትዘናጊ፤ እሱ የሚጠፋው መጨረሻ ላይ ነው። ሦስተኛ ማስታገሻ ከመውጋትሽ በፊት ሐኪሙን ቀስቅሺው። ይቆጣ፤ ቁጣው ይበርዳል። ጀሶው ከነጥጡ እስከ ቆዳው ድረስ ከላይ እስከ ታች ይከፈት። እስኪመጣ ድረስ እጁን ከልቡ ትክክል አድርጊው፤ አይንጠልጠል፣ ከፍም አይበል። ተራ እብጠት ሲሆን ከፍ እናደርጋለን፤ እዚህ ላይ ግን ከፍ ማድረግ ያለችውን ጥቂት ደም ይከለክለዋል።

ነርቩን ደግሞ በጨዋታ እዪው። «ጎበዝ በለኝ» ስትዪው አውራ ጣቱን ወደ ላይ ካቆመ አንዱ ነርቭ ደህና ነው። «በጣትህ ቀለበት ሥራ» ስትዪው ከሠራ ሁለተኛው አለ። «አምስት አሳየኝ» ስትዪው ጣቶቹን ከበታተነ ሦስተኛውም አለ። ልጁ ጨዋታ ይመስለዋል፤ አንቺ ሦስቱን ነርቮች በየስማቸው ራዲያል፣ ሚዲያን፣ አልናር ብለሽ ትጽፊያለሽ። የጻፍሽበትን ሰዓት አትርሺ። እኔ ያን ሌሊት የጻፍኩት «ደህና አድሯል» የሚል ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ቅር አሰኝቶኛል። ልጇን ወጌሻ ጋ አሳስራ ቆይታ የመጣችውን እናት እንደጮህሽባት ነግረሽኛል። ንዴትሽ ይገባኛል። በቀርከሃ ተጠፍሮ ጠቁሮ የመጣ የልጅ እጅ ሲቆረጥ አይቻለሁ፤ የጋንግሪን፣ የዚያ ደም አጥቶ የሞተ ሥጋ፣ ሽታው ከአፍንጫ አይወጣም። ግን እስቲ ከሷ ቦታ ሆነሽ አስቢው። ወጌሻው ጎረቤቷ ነው። ካርድ አውጪ፣ ነገ ነይ፣ ራጁ ተበላሽቷል አይላትም። የሚታጨድ ጤፍ አላት፣ ቤት የቀሩ ሌሎች ልጆች አሏት። ብትጮሂባት የሚቀጥለው ልጇ ሲሰበር አንቺ ጋ የምትመጣ ይመስልሻል?

እኔ በመጨረሻ ያደረግኩትን ልንገርሽ። እዚህ የታወቁ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ነበሩ። ቤታቸው ሄጄ ቡና ጠጣሁ። ስለ ውልቃት ሲያወሩ ሰማኋቸው፤ እጃቸው ብዙ ያውቃል፣ ይህን መካድ ነውር ነው። «አባባ፣ አስረው ሲጨርሱ ጣቱ ካበጠ ወይም ከቀዘቀዘ በዚያው ሰዓት ይፍቱት፤ አጥንቱ ወጥቶ የሚታይ ከሆነ ደግሞ አይንኩት፣ ወደ እኛ ይላኩት» አልኳቸው። መጀመሪያ ቅር አላቸው። ከዚያ ግን እሳቸው የሚልኳቸው ልጆች በጊዜ ይደርሱ ጀመር። አንዳንዱንማ በቅሎ ላይ አስቀምጠው ራሳቸው ያመጡት ነበር።

እስካሁን ስለሚያለቅሰው አወራሁሽ። እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ ዝም የሚለው ነው። ሕፃን ትኩሳት ይዞት አንድ እግሩን የማያንቀሳቅስ፣ ዳይፐር ሲቀየርለት ብቻ የሚጮህ ከሆነ፣ መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ሊኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ «ወለምታ ነው» ተብሎ ታሽቶ ነው የሚመጣው። ወለምታ አያተኩስም! ዳሌ ውስጥ ያለ መግል ለስላሳውን አጥንት በቀናት ውስጥ ይበላዋል። መድኃኒት ብቻውን አይበቃውም፣ መግሉ መውጣት አለበት። ስለዚህ «ጠዋት ሐኪም ያየዋል» የሚባልለት አይደለም። ትኩሳት ኖረም አልኖረም፣ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከዛለ ደግሞ ፖሊዮን አስቢና ሪፖርት አድርጊ፤ ሰገራው ለምርመራ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ መዛሉ ከጀመረ በ14 ቀን ውስጥ ይወሰዳል። ይህን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ብቻ ሥራ ሲበዛ ይረሳል።

አሁን ደግሞ የሚቃረን የሚመስል ነገር ልንገርሽ ነው። ልትሰሚው የማይገባ ለቅሶም አለ። የቆልማማ እግር ሕፃናትን ታውቂያቸዋለሽ። እግራቸው በየሳምንቱ እየታሸ፣ አምስትም ስድስትም ጊዜ ጀሶ እየተቀየረለት ይቃናል፤ አብዛኞቹ የተረከዛቸው ጅማት በትንሹ ይቆረጥላቸዋል። ፖንሴቲ የሚባል በስፔን ተወልዶ አሜሪካ የሠራ ሐኪም ያመጣው ዘዴ ነው፤ በእኛ ጊዜ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ነበር የሚታሰበው። ከጀሶው በኋላ ግን በብረት የተያያዘችው ጫማ አለች። ሦስት ወር ሙሉ በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ አራት ዓመቱ ድረስ ሲተኛ። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለቅሳል። እናት አንጀቷ አይችልም፣ ታወልቅለታለች። እግሩም እንደነበረው ተቆልምሞ ይመለሳል።

እዚህ ጋ እናቲቱን አደፋፍሪያት። ግን መጀመሪያ ጫማውን አውልቀሽ ቆዳውን እዪ፤ ተረከዙ ከጫማው ወጥቶ እንደሆነ፣ የቀላ ወይም የላጠ ቦታ እንዳለ። ምንም ከሌለ ልማድ ነው። ሁለት እግሩን አንድ ላይ እየያዘች ታጣጥፍለት፣ ትዘርጋለት፤ አንድ ላይ መራገጥ ሲለምድ ለቅሶው ይተወዋል። አየሽ፣ ያው ነው። የሚሰማውንም የማይሰማውንም ለቅሶ የምትለዪው ነክተሽ ነው።

ስለዚያች ከወገቧ እስከ እግሯ ጀሶ ስለታሰረችው የአራት ዓመት ልጅም ጠይቀሽኝ ነበር። ጀሶ እኮ እዚሁ አባይ በረሃ የሚገኝ የድንጋይ ዓይነት ነው። ተፈጭቶና ተቃጥሎ ዱቄት ይሆናል፣ ውኃ ሲነካው ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል፣ ሲመለስ ደግሞ ይሞቃል። ለልጆች ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ አለበለዚያ የተቃጠሉ ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለው ወፍራም ጀሶ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። እስከዚያ በመዳፍሽ ያዢው፤ የጣትሽ ጉድጓድ ከውስጥ ቁስል ይሆናል። በእግሮቿ መሃል ያለችውን እንጨት እጀታ አድርገው እንዳያነሷት ለእናቷ ንገሪያት፤ ሁሉም ሰው እሷን ነው የሚይዘው። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ትገላበጥ። ትንሽ ዳይፐር ከጀሶው ጠርዝ ሥር ይግባ፣ ትልቁ ከላይ ይሁን። ስትተኛ ራሷ ከፍ ይበል፣ ሽንቱ ወደ ኋላ እንዳይሄድ። ሲበላት በብዕር ቀፎ እንዳያኩላት፤ ቆዳዋ ከተላጠ አይታይሽም፣ የሚነግርሽ ሽታው ነው። በየቀኑ ጎንበስ ብለሽ ጀሶውን አሽትቺው። ሰው ይስቅብሻል። ይሳቅ።

ልጅቷ ጀሶዋ ውስጥ የደበቀችው ሽምብራ አስቆኛል። እኔም ከአንድ ልጅ ጀሶ ውስጥ ሁለት ጠጠር፣ አንድ አሥር ሳንቲምና ግማሽ ዳቦ አውጥቻለሁ። ዳቦው ጠበል ጻዲቅ እንደሆነ ነግሮኝ ነበር፤ እግሩን ቶሎ እንዲያድንለት። ግን ሽምብራ ሲረጥብ ያብጣል። ስቀሽ አትለፊው፤ ዛሬውኑ ይውጣ።

እናቶችን አልጋ ሥር አታስተኚያቸው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ለካ ቦታ የለም። እንዲያው ቢያንስ ማታ ዙረሽ ስትጨርሺ አንዷን እናት ጠርተሽ ጣት እንዴት እንደሚታይ አሳዪያት። አንድ ነርስ አንድ ዓይን ናት፤ አስታማሚዎቹ ብዙ ናቸው። እኚያ አያት ከኔ በፊት አውቀው ነበር።

በመስኮቱ በኩል ያለው፣ የክርን ስብራት ያለበት ልጅ ሰኞ ጀሶ ታሰረለት ብለሽኛል። እንዴት አደረ? ቀለበት ሠርቶ አሳየሽ? ሥራ ላይ ብትሆኚም አንድ መስመር ጻፊልኝ፤ ስልኬን ከራስጌዬ አድርጌ ነው የምተኛው።

እናትሽ