ለልጆቻችን ቫዮሊኖች ሁለተኛ የድጋፍ ጥሪ

በቦርዶና በአካባቢው የምትኖሩ የተከበራችሁ ወገኖቻችን፣

እንደገና እኛው ነን፣ የወላጆች ኮሚቴው። መልእክታችን ሲገባ «ደግሞ ምን ፈለጉ?» እንደምትሉ እናውቃለን። ባይቸግረን ዝም ባልን ነበር።

የአዳራሹ ዕቃ ቤት ጣሪያ በጥር ወር ዝናብ መደርመሱን ሰምታችኋል። ከ11 ቫዮሊኖቻችን 6ቱ ውሃ ገብቷቸዋል። አንዱን ሳጥን ስንከፍት የቫዮሊኑ ፊት ከጎኑ ተላቆ፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ጠጋኙ ግን አልደነገጠም። ማጣበቂያው ከእንስሳ ቆዳ የሚሠራ ስለሆነ በእርጥበት ይለቃል፤ እንጨቱ ካልተሰነጠቀ ግን መልሶ ይጣበቃል። የቀስቶቹ የፈረስ ጭራ፣ ያው የማሲንቆው ዓይነት፣ ስለሻገተ መቀየር አለበት። ለሁሉም 2,300 ዩሮ ብሎናል፣ ግማሹን በቅድሚያ። በእጃችን ያለው 840 ነው። ከፋሲካ ወዲህ አንድ ሳንቲም አልተጨመረም። «እልካለሁ» ያላችሁ ብዙ ናችሁ፤ ዝርዝሩ አለን፣ በክፉ አይደለም።

ወቀሳም ደርሶናል። «ገንዘብ ለማሰባሰብ ብላችሁ ልጆቹን ምግብ ቤት አስጫወታችኋቸው፤ አዝማሪ ልታደርጓቸው ነው?» ተብለናል። አዝማሪነት ምን ነውር አለው የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። የከተማችን ኮንሰርቫቶር (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) በማን ስም እንደሚጠራ ግን እናስታውሳችሁ፤ በቫዮሊን ተጫዋቹ በዣክ ቲቦ። እዚሁ ቦርዶ በ1880 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከቫዮሊን አስተማሪ አባት ተወለደ። ፓሪስ ኮንሰርቫቶር ገብቶ በማርተን ማርሲክ እጅ ተማረ። በ1896 አንደኛ ሽልማቱን ከፒየር ሞንቶ ጋር ተካፈለ፤ ኋላ ታላቅ የኦርኬስትራ መሪ ከሆነው ሞንቶ ጋር ማለት ነው። ከዚያስ? ካፌ ሩዥ በሚባል ቤት ለእንጀራው ይጫወት ነበር። አንደኛ የወጣ ልጅ! የኦርኬስትራ መሪው ኤዱዋር ኮሎን የሰማው እዚያ ነው፤ ወደራሱ ኦርኬስትራ ወሰደው። በ1905 ከፒያኒስቱ አልፍሬድ ኮርቶና ከቼሎ ተጫዋቹ ፓብሎ ካዛልስ ጋር የመሠረተው ትሪዮ፣ ማለት የሦስት ተጫዋቾች ቡድን፣ እስከዛሬ ይደመጣል። የእኛ ልጆች በዚያ ምሽት 310 ዩሮ ይዘው ተመልሰዋል።

«አስተማሪው ለምን ይከፈለዋል?» ለሚሉም መልስ አለን። የመጀመሪያውን ዓመት በነጻ ነው ያስተማረን። አሁን የምንሰጠው ከትራንስፖርት ብዙም አያልፍም። ደረሰኙ ሁሉ ገንዘብ ያዣችን ጋ አለ፤ ማየት የፈለገ ይምጣ። ማስተማር ቀላል ሥራ ቢሆን ቲቦን የሚያህል ሰው ፓሪስ ኤኮል ኖርማል በሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ባላስተማረ። በ1943፣ ፓሪስ በጀርመኖች እጅ እያለች፣ ከፒያኒስቷ ማርጌሪት ሎንግ ጋር የወጣቶች ውድድር አቋቋመ። ውድድሩ ዛሬም አለ። የቲቦ ቫዮሊን ግን የለም። በ1720 የተሠራ ስትራዲቫሪየስ፣ ማለት ዝነኛው የጣሊያን ቫዮሊን ሠሪ ስትራዲቫሪ የሠራው ነበር። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1953 የተሳፈረበት አውሮፕላን የፈረንሳይ አልፕስ ላይ ሲከሰከስ እሱም ቫዮሊኑም አብረው ጠፉ። 72 ዓመቱ ነበር፣ ወደ እስያ ለኮንሰርት ሲሄድ።

የእኛዎቹ እንደዚያ አልጠፉም፤ ይጠገናሉ። እርጥብ ሆነው ከቆዩ ግን እንጨቱ ይጣመማል፣ ያኔ ጠጋኙም አይቀበለንም።

ያለፈው እንቁጣጣሽ ልጆቹ በባቲ ቅኝት ሲጫወቱ «ይሄ ማሲንቆ ነው ቫዮሊን?» ያሉን አባት በማግስቱ ልጃቸውን አስመዘገቡ። አሁን 14 ተማሪዎች ለ5 ቫዮሊን ወረፋ ይይዛሉ። የቅዱስ ያሬድ አገር ልጆች ነን እያልን እየፎከርን ይሄ ደግ አይደለም። የሃምሳ ሎሚውን ተረት ታውቁታላችሁ፣ አንደግመውም።

የባንክ ሒሳቡ ቁጥር በታደለው ወረቀት ላይ አለ። ስትልኩ «ቫዮሊን» የሚለውንና ስማችሁን ጻፉ፤ ያለ ስም የገባ ገንዘብ ባለፈው ጊዜ ብዙ አሟግቶናል። በጥሬው የምትሰጡ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለገንዘብ ያዧ ብቻ ስጡ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ስልክ ደውሉላት፣ ያላችሁበት ድረስ ትመጣለች። ቀኝ የሰጠውን ግራ አይወቅ ለምትሉ ስማችሁ አይለጠፍም። ገንዘብ ያዧ ግን ማወቅ አለባት።

ጠጋኙ የሚጠብቀን እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው። 10 ዩሮም ቢሆን ላኩ። በድጋሚ፦ በወረቀቱ ላይ ባለው ሒሳብ፣ «ቫዮሊን» ብላችሁ፣ ከነስማችሁ። በኮሚቴ አባላት የግል ሒሳብ አትላኩ።

የወላጆች ኮሚቴ