ለእማዬ፦ ጭኔ ውስጥ ስላለው ማግኔት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ልብሽስ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። በቀዶ ሕክምና ጭኔ ውስጥ በገባው ማርዘሚያ ዘንግ አጥንቴ መርዘሙን ጨርሷል፤ አሁን የቀረው መጠንከር ብቻ ነው። ሐኪሜም እንድበር ፈቅዶልኛል።

በስልክ «የአየር ማረፊያው መፈተሻ ብረቱን ቢያሽከረክርብሽስ?» ያልሽኝ ከአእምሮዬ አልወጣም። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። ፍርሃትሽ መሠረት አለው እማዬ። ግን የሚፈራው ማሽን ሌላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንጉ ከታይታኒየም የተሠራ ሆኖ መቅኒ በነበረበት የአጥንቱ ክፍተት ውስጥ ነው ያለው። ውስጡ ትንሽ ማግኔትና ማርሾች አሉት። ከውጭ ጭኔ ላይ የማስቀምጠው ማሽን ደግሞ ትልልቅ የሚሽከረከሩ ማግኔቶች አሉት፤ እነሱ ሲዞሩ የውስጡ አብሮ ይዞራል፣ ዘንጉም ይረዝማል። በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ፣ ያውም ተከፋፍሎ። ይህን የቀስታ አካሄድ ያስተማረው ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ የተባለ የሶቪየት ሐኪም ነው፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲጀምር ግን አጥንቱን የሚይዘው የብረት ቀለበት ከእግር ውጭ ነበር፤ ሽቦዎቹም ከቀለበቱ ተነስተው ቆዳና አጥንት ውስጥ ያልፉ ነበር። የኔ ሁሉም ነገር ቆዳዬ ሥር ስለሆነ ማንም አያየውም። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል።

የአየር ማረፊያውን ቶሎ ልጨርስልሽ። በር የሚመስለው የብረት መፈተሻ የሚያወጣው የማግኔት ኃይል በጣም ደካማ ነው፤ ዘንጌን ሊያዞረው አይችልም። ቢጮህ ፈታሿ በእጇ ትፈትሸኛለች፣ አለቀ። ቆመው እጅ የሚያነሱበት የሰውነት መፈተሻ ደግሞ ከልብስ ሥር ያለውን እንጂ አጥንት ውስጥ ያለውን አያይም። አንቺ ስለ ፔስሜከርሽ (የልብ ምትሽን ስለሚያስተካክለው መሣሪያ) ካርድ እንደምትይዢው እኔም ካርድ አለኝ። ካርዱ ከፍተሻ አያስቀርም፣ ግን ነገር ያቀላል።

ራጅም አያስፈራሽ። አጥንቱ ሲረዝም በየጊዜው የተነሳሁት እሱን ነው፤ አጥንቱ ተቆርጦ በተለያየበት ቦታ ያለው ክፍተት መጀመሪያ ጥቁር ነበር፣ ቆይቶ ስስ ደመና የመሰለ ነጭ ነገር ታየበት። ያ አዲሱ አጥንቴ ነው! ሲቲ ስካንም የሚሠራው በራጅ ጨረር ስለሆነ ምንም አያደርገኝም፤ ብረቱ ምስሉን ትንሽ ያበላሸው እንደሆነ ነው። አልትራሳውንድም እንዲሁ።

የሚፈራው ኤምአርአይ ነው፤ በኃይለኛ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ ፎቶ የሚያነሳው ማሽን። ብዙ ሆስፒታል ያለው ኤምአርአይ 1.5 ቴስላ ነው (ቴስላ የማግኔት ኃይል መለኪያ ነው)፤ ይህ ከመሬት የማግኔት ኃይል ወደ 30,000 እጥፍ ይሆናል። ፎቶ በማያነሳበት ሰዓት እንኳ ማግኔቱ አይጠፋም። ስለዚህ መተኛት ብቻ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ መግባቱም አደጋ አለው፤ ዘንጉን ሊጎትተው፣ የውስጥ ማርሹን ሊያበላሸው ይችላል። የኔ ዘንግ መመሪያ ላይም ኤምአርአይ እንደማይፈቀድ ተጽፏል። ዘንጉ ከወጣ በኋላ ሌላ ነገር ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ለስብራት የሚገባው ተራ የታይታኒየም ዘንግ ብዙ ጊዜ ኤምአርአይ ይፈቀድለታል። የኔም ለቸኮለ ሰው ያንኑ ሊመስለው ይችላል። ነቅቼ ካለሁ እናገራለሁ። አደጋ ደርሶብኝ ራሴን ብስት ግን «ታይታኒየም ነው፣ ችግር የለውም» ብሎ የሚያስገባኝ ሰው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ይህን በቃልሽ ያዢልኝ፦ «የልጄ ጭን ውስጥ ያለው ዘንግ ማግኔት አለው፤ ቀዶ ሕክምና ያደረገላትን ሐኪም ሳትጠይቁ ኤምአርአይ ክፍል እንዳታስገቧት።» የሐኪሜን ስልክ ለብቻው እልክልሻለሁ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺው አይከፋኝም።

ማርዘሚያውን ማሽን ይዤ አልመጣም። አንደኛ፣ ጠንካራ ማግኔት በአውሮፕላን የሚጫንበት ገደብ አለው፤ የአውሮፕላኑን ኮምፓስ ሊያዛባ ስለሚችል አየር መንገዱን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዋናው ምክንያቴ ግን አንቺ ነሽ። ያ ማሽን ፔስሜከር ያለበት ሰው አጠገብ መድረስ የለበትም። ሳረዝም በነበረበት ጊዜ «መጥቼ ላስታምምሽ» ስትዪኝ እምቢ ያልኩሽ ለዚህ ነበር እንጂ ናፍቆትሽ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም።

ስለ በረራው ራሱ የማስበው ስለ ደም መርጋት ነው። ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መብረር፣ በተለይ እግሩ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው፣ ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያግዛል። ኮሪደር በኩል ያለውን ወንበር ይዣለሁ፤ እየተነሳሁ በክራንቼ እንቀሳቀሳለሁ፣ ተቀምጬም ቁርጭምጭሚቴን አፍታታለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ። ሐኪሙ ያዘዘልኝን መድኃኒትና ጠባብ ካልሲም አልተውም።

ቤት ከገባሁ በኋላ ባቴ ቢያብጥና ቢያመኝ ግን እንደ ልጅነቴ ላሽሽ እንዳትዪኝ። የረጋ ደም ታሽቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት እንሂድ፤ ትንፋሽ ካጠረኝ ደግሞ ደቂቃም ሳንቆይ።

ሐኪሙ የመጨረሻውን ራጅ እንዳየልኝ የምመጣበትን ቀን እደውልልሻለሁ። እስከዚያ ያቺን ስለ ኤምአርአይ የጻፍኩልሽን ወንድሜንም አስጠኚልኝ፣ ስልኩም ላይ ይጻፋት።

የምትወድሽ ልጅሽ