ስለ ዞአንቲድ የቀረ ነገር አለ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ቤት ውስጥ የባህር ውሃ አኳሪየም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ዞአንቲድ፣ ያ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር አበባ መሳይ የባህር እንስሳ፣ በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ይነሣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ግን አንድ ነገር ጎረበጠኝ። «ለጀማሪ የሚሆን፣ የማይሞት ኮራል» ትላላችሁ። እኔ ሰባት ዓመት አሳድጌዋለሁ፤ ይሞታል። ሰውንም ሊጎዳ ይችላል። ጽሑፉ ይህንን ጭራሽ አላነሣውም።

የመጀመሪያዎቹን የገደልኳቸው በንጽህና ነው። መሃላቸው አረንጓዴ፣ ዙሪያቸው ብርቱካናማ የሆኑ ሠላሳ ያህል ፖሊፖች (እያንዳንዱ አበባ መሳይ አካል ፖሊፕ ይባላል) ነበሩኝ። ውሃው መስታወት ይምሰል ብዬ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የሚገኙባቸውን ናይትሬቱንም ፎስፌቱንም ዜሮ አደረስኩት። ፖሊፖቹ መጀመሪያ እንደ ጡጫ ተጨበጡ። ከዚያ በየቀኑ እየኮሰመኑ ሄዱ፤ በሦስተኛው ሳምንት ድንጋዩ ላይ ሟሙ። በሰውነታቸው ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ከብርሃን ምግብ ይሠሩላቸዋል። አልጌዎቹ ግን ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይፈልጋሉ፤ እኔ ያንን ነበር የነጠቅኳቸው። አሁን በአንድ ሊትር ውሃ ናይትሬቱን ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌቱን 0.05 ሚሊግራም አካባቢ አድርጌ እይዛለሁ።

ጨዋማነቱ (የውሃው ክብደት ከንጹህ ውሃ ጋር ሲነጻጸር) 1.025፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ፣ አልካሊኒቲው (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) 8 ወይም 9 dKH ከሆነ ይበቃቸዋል። አጽም ስለሌላቸው ካልሲየም ብዙም አያስጨንቃቸውም። የሚጠሉት መዋዠቅን ነው። ውሃ ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለውን የምንሞላው በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ፖሊፖቹ ያለ ምክንያት ተዘግተው ከሰነበቱ ደግሞ ውሃውን ከመነካካት በፊት ማታ መብራት አጥፍቶ በባትሪ ማየት ነው። አንድ ሌሊት እንዲህ ሳይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣ አገኘሁ። ዞአንቲድ ብቻ ነው የምትበላው። የበላችውን ቀለም ስለምትይዝ ካልተንቀሳቀሰች ከፖሊፑ አትለይም። በወረንጦ አነሣኋት። እንቁላሏ ከፖሊፑ ግንድ ሥር እንደ ነጭ ክር ተጠምዝዞ ተቀምጧል። ኮራሉን አዮዲን ባለበት የባህር ውሃ መንከር ቀንድ አውጣዋን ያረግፋታል፣ እንቁላሉን ግን አይገድለውም። እኔ በየሳምንቱ ለአንድ ወር ያህል እየደጋገምኩ እንቁላሉንም በእጄ እየፋቅኩ ነው የተገላገልኩት። በጓንት ማለቴ ነው።

የጻፍኩላችሁም ስለዚህ ጓንት ነው። ብዙ ዞአንቲዶች፣ በተለይ ፓሊቶዋ የሚባሉት ወፍራሞቹና ቡናማዎቹ፣ ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። በ1971 ሙር እና ሾየር የተባሉ ተመራማሪዎች ከሃዋይ ፓሊቶዋ ለይተው አወጡት። የደሴቲቱ ሰዎች ግን ከዚያ በፊት ጦራቸውን ይቀቡበት እንደነበር በአፈ ታሪካቸው ይነገራል። በየሴላችን ውስጥ ሶዲየምና ፖታሲየም የሚያመላልሰውን ፓምፕ ነው የሚያበላሸው።

እነዚህ ቡናማዎቹ ከገዛነው ድንጋይ ጋር ሳንጠራቸው ይመጡና ሌላውን ይውጡታል። እኔም ላጠፋቸው ስፈልግ አንድ የማምነው ሰው «ድንጋዩን ቀቅለው» አለኝ። ድስቱን ጥጄ፣ ውሃው መንጣጣት ጀምሮ ነበር። ልጆቼ እዚያው ወጥ ቤት ነበሩ። የሆነ ነገር ቅር ብሎኝ አጠፋሁትና ተቀምጬ አነበብኩ። እንፋሎቱ መርዙን ይዞት ይነሣል። በ2018 እንግሊዝ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ኮራል ከአኳሪየም አውጥቶ ሲያጸዳ ተመርዞ ሆስፒታል ገብቷል፤ ሊረዱ የመጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም እንዲሁ። ያን ቀን እጄ ተንቀጠቀጠ።

ስለዚህ ድንጋዩ አይቀቀል፣ የፈላ ውሃ አይፈሰስበት፣ አየር ላይ በብሩሽ አይፈተግ። ፖሊፕ ሲቆረጥ ፈሳሽ ይረጫል፤ መነጽር ያስፈልጋል። እጅ ላይ ቁስል ካለ ሥራው ለሌላ ቀን ይቆይ። መቁረጫውን በበረኪና በበረዝኩት ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እዘፈዝፈዋለሁ። ከነካካ በኋላ አፉ ብረት ብረት ያለው፣ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ጡንቻው ያመመው ሰው ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሐኪሙ ላያስበው ስለሚችል «ፓሊቶክሲን» የሚለውን ቃል በአፉ ይንገረው።

እኔ አልተውኳቸውም። በሦስት ፖሊፕ የጀመርኩት አዲሱ ስብስብ ዛሬ ከመቶ አልፏል። ጠዋት መብራቱ ሲበራ አንድ በአንድ ሲከፈቱ ቆሜ አያለሁ። ጽሑፋችሁን አንብበው የሚጀምሩ ሰዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ደስም ይለኛል። በሚቀጥለው እትማችሁ ግን ከጨውና ከመብራቱ ቁጥር በፊት ስለ ጓንቱ፣ ስለ መነጽሩና ስለ ድስቱ አስቀድማችሁ ጻፉላቸው።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ