ሳሚ ሎሚ በላ

አንቺ ልጅ ደህና ነሽ ወይ፣ እናትሽስ እንዴት ናቸው? ከፋሲካ ወዲህ አንድ መስመር እንኳን ሳልጽፍልሽ ዓመት ሊሞላ ነው፣ አፍሬያለሁ፣ ግን ትላንት ማታ ቤት ውስጥ የሆነው ነገር ካንቺ በቀር ለማንም አይነገርም ብዬ ቁጭ አልኩ።

ማሙሽ አንደኛ ክፍል ገባልሽ። ሀሁን ከላይ እስከ ታች እንደ መዝሙር ይወርደዋል፣ መሀል ገብቼ "ይቺ ማናት?" ስለው ግን ከመስመሩ መጀመሪያ ተነስቶ ካልቆጠረ አያውቃትም። መጽሐፍ ስሰጠው ደሞ የሚያነበው ስዕሉን ነው፣ ውሻ የሚል ተጽፎ ቡችላ ይለኛል፣ ያውም ፊደሉን በጣቱ እየነካ! ስንት ማታ ተቆጥቼዋለሁ መሰለሽ፣ አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል፣ 231 ፊደል አንዴ የተዘረገፈበት ልጅ ምን ያድርግ።

ፒያሳ አብራኝ የምትሰራ ልጅ የልጇን የእንግሊዝኛ ኮሚክ፣ በሳጥን በሳጥን የተሳለ ታሪክ፣ አሳየችኝ። ፎኒክስ የሚሉት ነው፣ ማንበብን በፊደሎቹ ድምፅ የሚያስተምር፣ ልጁ ኤስ ኤ ቲ ፒ አይ ኤን ብቻ ተምሮ ከሆነ በነዚህ በስድስቱ የሚጻፉ ቃላት ብቻ ናቸው ያሉበት፣ ሳት፣ ፒን፣ ታፕ ምናምን፣ ያልተማረው ድምፅ ስለሌለ መገመት አያስፈልገውም፣ አንዱን ካንዱ እያያዘ ያወጣዋል። አንድ ሳጥን ውስጥ ደሞ ሁለት ሶስት ቃል ብቻ ስለሆነ አያስፈራውም።

እኔም ለኛ ፊደል ለምን አይሆንም አልኩና ለ መ ሰ በ ነን ከነቤተሰባቸው ወሰድኩ፣ 35 ፊደል። ሳድሶቹን፣ ስድስተኛዎቹን፣ ለጊዜው አወጣኋቸው (ም እኮ ላም ላይ ሌላ ምሳ ላይ ሌላ ናት)፣ 30 ቀረኝ። በሶስት ሳጥን ሰራሁት፣ "ሳሚ ና"፣ "ሳሚ ሎሚ በላ"፣ መጨረሻ ላይ ሳሚ አፉን ከፍቶ "ሳሙና!" ይላል። እጁ ላይ ያለውን ክብ ቢጫ አድርጌ ሳልኩት፣ ሆን ብዬ፣ ስዕሉ መልሱን እንዳይነግረው። አምስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ጋ ፎቶኮፒ አስደርጌ ሰጠሁት።

በላን መጀመሪያ አላልቶ አነበበው፣ ፊደላችን መጥበቁን አያሳይማ፣ ትንሽ ቆየና ራሱ አጠበቀው፣ ቃሉን ያውቀዋላ። ከዛ ሳ... ሙ... ና... ብሎ ዝም አለ፣ አየኝ፣ "እማዬ ሳሙና ነው የበላው!" ብሎ በሳቅ ወለል ላይ ተንከባለለ። እኔ ደሞ አለቀስኩ። ሳይገምት ያወጣት የመጀመሪያዋ ቃል ናት።

አሁን እንቅልፍ የለም፣ ሳሚ ቀጥሎ ምን በላ ይለኛል። ረ እና ከን ጨምሬ "ሳሚ ከረሜላ ለመነ" የሚል ጽፌያለሁ፣ ስዕል ግን አልችልም፣ አንቺ ደብተርሽ ጥግ ላይ ትስያቸው የነበሩት ልጆች ትዝ ይሉኛል። አራት ሳጥን ብቻ ሳዪልኝና ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ እስከ ቅዳሜ ከደረሰልኝ አብረን እናነበዋለን።