የሞዴል ሥራ ክበብ፦ ባቡር እንዴት ይቆሽሻል?

የትምህርት ቤታችን ሌሎች ክበባት ለዓመቱ ዘገባ ረጅም ዝርዝር ይዘው ቀርበዋል። እኛ ዘንድሮ የምንዘግበው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ባቡር ቀባን። ዓመቱን ሙሉ።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። የአንዷ አባላችን አጎት ከጀርመን ለእረፍት ሲመጡ አንድ ያገለገለ የሞዴል ባቡር በሻንጣ ይዘውልን መጡ። አንድ ክንድ ያህል ይረዝማል። ቀለሙ እንደ ከረሜላ የሚያብለጨልጭ ቀይ ነው። ጣራው አንድ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፣ አንድ መብራቱም የለም። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው የመጀመሪያው ጥያቄ "ቲቸር፣ ይሄ ባቡር ነው አውቶቡስ?" የሚል ነበር።

ሁለቱም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ ጀርመን ውስጥ ቪስማር በምትባል ከተማ ይሠራ የነበረ የሐዲድ አውቶቡስ ነው። ትንንሽ የባቡር መስመሮች ጥቂት መንገደኛ በእንፋሎት ባቡር ማመላለስ አላዋጣ ሲላቸው ያመጡት ዘዴ ነው። ቀለል ያለ አካል፣ የብረት ጎማ፣ የመኪና ሞተር። ሞተሩ ፎርድ ነው፣ ያውም ሁለት። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ሁለቱም በየኮፈናቸው ውስጥ። ሹፌሩ መመለስ ሲፈልግ ባቡሩን አያዞርም። ተነሥቶ ወዲያኛው ጫፍ ይሄድና ያኛውን ሞተር ያስነሳል። ይህን ስናገር ከኋላ አንዱ "በቃ ቅጥቅጥ ነዋ፣ ሐዲድ ላይ የወጣ" አለ። እኔ ሩብ ሰዓት የፈጀሁበትን እሱ በአንድ ቃል ጨረሰው።

ጀርመኖቹ በኮፈኑ የተነሳ "የአሳማ አፍንጫ" እያሉ ይጠሩት ነበር። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ኤጭ!" አለ። ከወደ ወረኢሉ የመጣው ልጃችን "አዋልደጌሳ እንበለው" ሲል ሐሳብ አቀረበ። ይህን አፍንጫ ረጅም አውሬ አይተው የማያውቁት የከተማ ልጆች በስልክ ሥዕሉን ፈልገው አፍንጫውን ተመለከቱ። ያለ ተቃውሞ ጸደቀ።

ክበባችን ውስጥ ሁሌም ሜትሮ ኪሱ የማይጠፋ ልጅ አለ። ስሙም እሱ ሆኖ ቀርቷል፣ "ሜትሮ" ነው የምንለው። የሞዴሉ ልኬት 1 ለ22.5 መሆኑን ስነግረው ጎማዎቹ የሚቆሙበትን ሐዲድ ስፋት ለካ። 45 ሚሊሜትር ነው። በ22.5 አባዛውና 1,012.5 አገኘ፣ አንድ ሜትር ገደማ ማለት ነው። የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ ስፋት ልክ አንድ ሜትር ነው። በእኛ በኩል፣ በኮምቦልቻ የሚያልፈው የአዋሽ–ሐራ ገበያ መስመር ግን 1,435 ሚሊሜትር ነው። ሜትሮ ሒሳቡን ገልብጦ ሠራውና "ለኮምቦልቻ ሐዲድ ቢሆን የጎማዎቹ ስፋት ወደ 64 ሚሊሜትር መድረስ ነበረበት። ይሄ ኮምቦልቻ አይገባም" ብሎ ፈረደ።

ደሴ ላይ የሚቀባ፣ ወሎ ላይ የማይሄድ ባቡር! ልጆቹ ትንሽ ቅር አላቸው። አብዛኞቹ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ሐዲዱን አይተዋል፣ ባቡር ሲሄድበት ያየ ግን ከመካከላቸው የለም። ቢሆንም ሒሳብ ሒሳብ ነው። ግንባሩ ላይ የሚጻፈው መድረሻ "ድሬዳዋ" እንዲሆን ተወሰነ። ያ የአንድ ሜትር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የአዋልደጌሳ ዘመዶችም እዚያ ሮጠዋል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የመጡት ሊቶሪና የሚባሉት የፊያት ባለሞተር ባቡሮች።

ሥራው በመፍታት ተጀመረ። ብሎኖቹን በለስላሳ ቆርኪ እየከፋፈልን አስቀመጥን። አካሉን በፈሳሽ ሳሙና አጠብነው፣ የጣት ቅባት ያለበት ላይ ቀለም አይዝምና። ከዚያ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት፣ ውኃ እያስነካን፣ ብልጭታው እስኪጠፋ አሸነው። ቲነር ፕላስቲክ ይበላል ብዬ ሁለት ጊዜ ተናግሬ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ጣራው ላይ የፈሰሰ ቀለም ሊያጸዳ በቲነር የራሰ ጨርቅ አሳረፈበት። ፕላስቲኩ እንደ ታኘከ ማስቲካ ለሰለሰ። ልጁ እንባው መጣ። ደግነቱ የቀለጠው ድሮም ተሰንጥቆ የነበረው ጥግ ነው። ስቱኮ ሞልተን አሸነውና ሁለቱም ጉዳት በአንድ ጊዜ ተጠገነ።

ከመስኮቱ በላይ ክሬም፣ ከመስኮቱ በታች የወይን ጠጅ ቀለም መረጥን። በሁለቱም ላይ ጥቂት ነጭ ጠብ አደረግን። ትልቅ ነገር ላይ የሚያምር ቀለም ትንሽ ነገር ላይ ይጠቁራል። ቀለሙን የሸጠልን ሰው "ማታ ቀብታችሁ ጠዋት ትነኩታላችሁ" ብሎን ነበር። በአራተኛው ቀን ጣት ሲያሳርፉበት አሁንም ይዝ ነበር። የሁለቱን ቀለም ድንበር ለመለየት የወረቀት ፕላስተር ለጠፍን። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለች። የወይን ጠጁን ቀለም ከመርጨት በፊት የፕላስተሩን ጠርዝ በዚያው በክሬሙ መልሶ መቀባት ነው። በፕላስተሩ ሥር ሾልኮ የሚገባ ካለ ክሬሙ ይገባል፣ ክሬም በክሬም ላይ ደግሞ አይታይም። ፕላስተሩ ሲላጥ መስመሩ እንደ ምላጭ ወጣ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም።

ጽሑፉን የሠራችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አሮጌ የራጅ ፊልም በምላጭ ቆርጣ ስቴንስል፣ ማለትም ቀለም የሚያሳልፍ የፊደል ቅርጽ፣ አበጀች። የፊደሎቹ ቁመት 7 ሚሊሜትር ነው። "ድ"፣ "ሬ" እና "ዳ" እሺ አሉ። "ዋ" ግን አስቸገረች። ክቦቿ በቀለም እየተደፈኑ ሁለት ጥቁር ዓይን ይሆናሉ። ሦስት ጊዜ ጠርጋ ጻፈች። በአራተኛው ስቴንስሉን ትታ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ክቦቹን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። ክፍሉ ውስጥ ማንም አላወራም። ቀና ስትል "ጨረስኩ" አላለችም። "ውኃ ስጡኝ" ነው ያለችው።

መጋቢት ላይ የበልጉ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢያችንን ዋጠው። ታጋሽ መምህር ቢሆን ይጠብቅ ነበር። እኔ ግን በዚያው ረቡዕ ቫርኒሽ እንዲረጩ ፈቀድኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እዚህ ይመዝገብልኝ። ቫርኒሹ ሲደርቅ ባቡሩ ወተት የተደፋበት መሰለ። ቫርኒሹን የሚያቀጥነው ፈሳሽ ቶሎ ሲተን የተረጨውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል። በአየሩ ያለው እርጥበት እዚያ ላይ ጤዛ ይሆንና ቫርኒሹ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ማወቅና መታገስ ግን ለየብቻ ናቸው።

ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ከደሴ ዝቅ ያለች፣ ሞቅና ደረቅ ያለች ናት። አንድ የመኪና ቀለም ቀቢ ጋራዥ ገባን። ባለሙያው አዛውንት ናቸው። ባቡሩን ገለባብጠው አዩትና "ይኼማ ደሴን ለብሶ ነው የመጣ" አሉ። ልጅቷ ስለ "ዋ"ዋ ፈርታ "ጋሼ፣ ይድናል?" ስትላቸው "አብሽሪ" አሏት። ፀሐይ ላይ አሙቀው ያንኑ ቫርኒሽ በስሱ ደገሙበት። አዲሱ የድሮውን መልሶ ያላላውና እርጥበቱ ይወጣል። ነጩ ዓይናችን እያየ ጠፋ። ለልጆቹ መርጫውን አስይዘው ያስተማሯቸውን ዓመቱን ሙሉ ሳስተምር አላገኘሁትም፦ "ከአንድ ስንዝር አታቅርብ። እጅህ ከመኪናው ውጭ ይጀምር፣ ከመኪናው ውጭ ይጨርስ።" ቀለም የሚፈሰው እጅ ሲጀምርና ሲቆም ነውና፣ ያ ጥፋት አየር ላይ ይቅር ማለታቸው ነው። ገንዘብ አልተቀበሉም።

አሁን ባቡሩ አዲስ ነው። ችግሩ ይኸው ነበር። አዲስ ባቡር መጫወቻ ይመስላል። "አሁን እናቆሽሸዋለን" ስላቸው አመፁ። አልፈርድባቸውም። የአዲስ ሶፋ ላስቲክ ዓመት ሙሉ በማይነሳበት ቤት ነው ያደጉት። አምስት ወር የለፉበትን ማቆሸሽ?

ክርክሩን ትቼ ደብተር አስያዝኳቸውና ወደ መናኸሪያ ወሰድኳቸው። ሥራቸው የአውቶቡሶችን ቆሻሻ መሣል ነው፣ አውቶቡሱን ሳይሆን ቆሻሻውን። አንዱ ረዳት ጠጋ ብሎ "ምንድን ነው የምትጽፉት? ትራፊክ ናችሁ ገቢዎች?" አለ። ቆሻሻ እያጠናን እንደሆነ ሲነገረው ከልቡ ሳቀና ራሱ አስጎብኚ ሆነ። በየጎማው ኋላ ጭቃው እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። የኋላ መስታወት ከፊቱ ይልቅ አቧራ ይጠጣል፣ አውቶቡሱ ሲሮጥ አየሩ አቧራውን ከኋላው ስቦ ይለጥፈዋልና። የነዳጅ መክፈቻው ሥር ጥቁር እንባ አለ። የበሩ እጀታ ግን ያበራል፣ እጅ ሲያሸው ስለሚውል። "መስኮቱ ላይ ደግሞ የክርን ቦታ አለ" አለች አንዷ። እውነቷን ነው፣ መንገደኛ በክርኑ የሚጠርጋት ንጹሕ ግማሽ ክብ አለች። እኔ በዚያ መናኸሪያ ስንት ዓመት ስመላለስ ልብ ብያት አላውቅም።

ስንመለስ ሜትሮ "ባቡር ግን የአስፋልት አቧራ ከየት ያመጣል?" ሲል ጠየቀ። ልክ ነው። የባቡር ቆሻሻ ከፍሬኑና ከሐዲዱ የሚፋቅ የብረት ብናኝ ነው፣ እሱም ዝጎ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ ከአሮጌ ቆርቆሮ ዝገት ፍቀን፣ ፈጭተን በነጠላ ቁራጭ ነፋነው። ከታች ጎማዎቹ አካባቢ እሱን በብሩሽ አደረግን። ለጭስ ማውጫው የከሰል ደቃቅ። መስኮቶቹ ላይ በእርጥብ ጥጥ የክርን ቦታ ጠረግን። ዱቄቱ ላይ ቫርኒሽ ሲረጭበት ግማሹ ከዓይን ይጠፋል፣ ስለዚህ ከሚፈለገው በላይ ማብዛት ያስፈልጋል። ሲያምፁ የነበሩት ልጆች አሁን በቃ ሲባሉም የማይሰሙ ሆኑ።

መብራቱ ቀላል ነበር። የ9 ቮልት ባትሪ፣ ትንንሽ ኤልኢዲ፣ ለእያንዳንዱ 330 ኦም ሬዚስተር። መንገደኞቹን ከመዳብ ሽቦና ከስቱኮ ሠራናቸው። 1.70 ሜትር ሰው 7.6 ሴንቲሜትር ይሆናል። ሙጫ በነከረ ሶፍት ነጠላ የለበሱ እናት፣ ሽርጥ ያገለደመ ጎልማሳ፣ ተኝቶ አፉን የከፈተ ተማሪ አሉ። ፖርቶ መጋላ አበጅተን በግ ይጫን አይጫን በሚለው ላይ ድምፅ ተሰጠ። እኔ ባቡር ነው ብዬ ተቃወምኩ። 8 ለ1 ተሸነፍኩ።

ሰኔ መጀመሪያ፣ የወላጆች ቀን ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የቀኝ ጎኑን ዱቄት በቫርኒሽ አሰርን። የግራውን ሳንጨርስ ቫርኒሹ አለቀ። ሰኞ ይደርሳል ብለን ዘግተን ሄድን። ሰኞ ጠዋት ክፍሉን የሚያጸዱልን እትዬ በኩራት ጠበቁን። "ያን የመሰለ ዕቃ አፈር አልብሳችሁት ብትሄዱ እኔ ወልወል አድርጌላችኋለሁ" አሉ። የግራ ጎኑ እንደ መስታወት ያበራል። የቀኙ እምቢ ብሏቸዋል።

ለትንሽ ጊዜ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ የ"ዋ"ዋ ልጅ መሳቅ ጀመረች፣ ሁላችንም ተከተልናት። እትዬ ግራ ገብቷቸው "ምነው?" ይላሉ። "አመሰግናለሁ እትዬ፣ ቆሻሻችን እውነተኛ ነው ማለት ነው" አልኳቸው። የበለጠ ግራ ገባቸው።

እንደገና አላቆሸሽነውም፣ ልጆቹ በዚያው ይቆይ አሉ። አዋልደጌሳ አሁን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከመዝገበ ቃላቱ መደርደሪያ በላይ ይገኛል። በአንድ ጎኑ አዲስ፣ በአንድ ጎኑ ሃያ ዓመት የሠራ። የትኛው ጎን ወደ በሩ ይዙር በሚለው ላይ ገና አልተስማማንም። በገባሁ ቁጥር አንዱ አዙሮት ነው የማገኘው።