ሰኔ 14 ቀን የተጻፈች ደብዳቤ

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት ማብቂያ ሲጻፍ ዘወትር የሚነሡት ሁለት ቀኖች ናቸው፤ የተኩስ ማቆም ስምምነቱ የተፈረመበት ሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ.ም. እና አቶ መለስ ዜናዊና ፕሬዚዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ በአልጀርስ የሰላም ስምምነቱን የፈረሙበት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም.። ቀኖቹ ልክ ናቸው፤ በእኛ ቤት ግን ጦርነቱ በሁለቱም ቀን አላበቃም።

ቢቸና አካባቢ የሚኖሩት እናቴ ተኩስ መቆሙን ከጎረቤት ሬዲዮ ሰምተው «እሰይ» ብለው ነበር። ሆኖም ታላቅ ወንድሜ ከዛላምበሳ ግንባር ሰኔ 14 ቀን የጻፋት አንድ ገጽ ደብዳቤ ነሐሴ ላይ እስክትደርስ ድረስ ልጃቸውን ከሞቱትም ካሉትም ሳይቆጥሩ ከረሙ። አንባቢው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የነበርሁት እኔ ነበርሁ፤ እርሳቸው ግን ፖስታው ሳይከፈት «ጽሕፈቱ የራሱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ በሰው እጅ ያስጻፈ ወታደር እጁን ሳይጎዳ እንዳልቀረ በሰፈሩ ይታወቅ ነበርና።

ደብዳቤዋ «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብላ ትጀምርና ስለ በሬዎቹ፣ ስለ ጤፉ ማሳ፣ ስለ አክስቴ ብድር ትጠይቃለች። ስለ ግንቦቱ ውጊያ አንድ ቃል የለባትም፤ የጦርነቱ ነገር ከግርጌ «እዚህ ተኩሱ ቆሟል» በሚል ግማሽ መስመር ተጠናቅቋል። የጀግንነት ታሪክ ስጠብቅ የበሬ ወሬ በማንበቤ ያን ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ሳየው ግን ወንድሜ ለእርሻው መድረስ አለመድረሱን እያሰላ ነበር የጻፈው። እናቴ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «ይኼ የሰኔ ነው፤ ዛሬስ?» አሉ።

ከመረብ ማዶ ያሉ እናቶችም ይህንኑ ሳይጠይቁ አልቀሩም። በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረው ቀጥታ የስልክ መስመር እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ተቋርጦ ስለ ቆየ፣ ድንበር ለለያያቸው ቤተሰቦች በቀይ መስቀል በኩል የሚላክ አጭር መልእክት ትልቅ ነገር ነበር።

እነዚህ ወረቀቶች ዛሬ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አይጥና እርጥበት እየተሻሟቸው ነው። ጋዜጣችሁ ለእንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች በየሳምንቱ ጥቂት ዓምድ ቢሰጥ፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትም ዋናውን ለባለቤቱ እየመለሰ ቅጂውን ቢያስቀምጥ፣ ስለዚያ ዘመን የሚጽፍ ሰው ከፊርማው ሥነ ሥርዓት ፎቶግራፍ ሌላ የሚያገላብጠው ነገር ያገኛል።

ወንድሜ በደህና ተመልሶ የልጆች አባት ሆኗል፤ ደብዳቤዋ እንድትታተምም ፈቅዷልና ቅጂዋን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። የአክስቴ ብድር የተነሣበት መስመር ግን ቢቀር እመርጣለሁ፤ እስከ ዛሬ አልተከፈለም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር